ስለ ብርቱካኑ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ አባዬ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አድራሻውንና ቀኑን በስተቀኝ መጻፍ እንደነበረብኝ አውቃለሁ። ስልኩ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ለዚሁ ስህተት ሁለት ማርክ ቀንሰህብኛል። ለገዛ ልጅህ! እስካሁን አልረሳሁትም።

ይሄን በስልክ ልነግርህ ስንቴ ጀመርኩ መሰለህ። አንዱን ሳልጨርስ «ምን አልሽ?» ትለኛለህ። እኔም እጮሃለሁ። ስጮህ ደግሞ የተቆጣሁ ይመስላል። እየጮኹ የሚያወሩት ነገር ስላልሆነ ጻፍኩት። ታናሼ ፊደሉን አጉልታ ታትምልሃለች።

ባለፈው እሁድ ሁለት ነገር ጠየቅከኝ። አንደኛው «ያቺ የዱራሜዋ ልጅ እውነት በኳስ ብቻ ነው እዚያ የምትኖረው?» የሚል ነው። ሁለተኛውን ስልኩን ልትዘጋ ስትል አመጣኸው። «ያ አሰልጣኝ ያመጣውን ብርቱካን ግን ማን በላው?» አልከኝ። ከሃያ ዓመት በኋላ! መስመሩ ተቆራረጠብኝ ብዬ ዋሸሁህ። ሰምቼሃለሁ።

በቀላሉ ልጀምር።

አዎ፣ ሎዛ አበራ የምትኖረው በኳስ ነው። ሥራዋ ነው። ጠዋት ተነስታ ልምምድ ትሄዳለች፣ እንደኔ ካርድ አትመታም እንጂ። ክለቧ ዲሲ ፓወር ይባላል። የሚጫወተው ዩኤስኤል ሱፐር ሊግ በሚባል አዲስ የሴቶች ሊግ ነው። ሊጉ ገና ባለፈው ነሐሴ በስምንት ክለቦች ጀመረ። አንተ ወጣት ሳለህ ዱራሜ አስተምረህ ስለነበር ስሟ ሲነሳ ድምፅህ እንደሚለወጥ አስተውያለሁ። የወለድካት ነው የሚመስለው።

እኔና ልጄ ሄደን አየናት። በአረንጓዴው የባቡር መስመር ሄደን ኔቪ ያርድ ወረድንና ትንሽ በእግር ነካነው። ስታዲየሙ አውዲ ፊልድ ነው፣ የዲሲ ዩናይትድ ወንዶች የሚጫወቱበት። ሃያ ሺህ ሰው ይይዛል። እኛ የሄድን ቀን አብዛኛው ወንበር ባዶ ነበር፣ አልዋሽህም። ከኋላችን ግን ሁለት የእኛ ሰዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው የኡበር ሥራውን አጥፍቶ እንደመጣ በስልኩ እየማለ ለሆነ ሰው ያስረዳል። ሌላው ጨዋታው ሳይጀመር ጀምሮ «ሎዚ! አይዞሽ ሎዚ!» ይላል። አሟሙቃ እንኳን አልጨረሰችም እኮ። ልጄ ዞራ «ዘመዷ ነው?» አለችኝ። «አዎ፣ እኛም ዘመዶቿ ነን» አልኳት።

ያን ቀን ጎል አገባች አላገባችም የሚለውን ማታውኑ በስልክ ነግሬሃለሁ። እዚህ ልጽፍልህ የፈለግኩት ሌላ ነገር ነው። ሀዋሳ ስታዲየም ትከሻህ ላይ አድርገህ ስትወስደኝ ምን ትለኝ እንደነበር ታስታውሳለህ? «ኳሷን ሁሉም ሰው ያያታል። አንቺ ኳስ የሌለውን ሰው እዪ።» እሱን አደረግኩ። ኳሷ ወዲያ ማዶ ጥግ ላይ ሆና አጥቂዋን አየኋት። የሰለቸው ሰው ትመስላለች። በእግሯ ሳሩን ነካ ነካ ታደርጋለች። ከዚያ አንገቷን መለስ አድርጋ ተከላካይዋን ታያለች። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ እንደገና ዞር፣ ከዚያ ድንገት ወደ ፊት። ኳሷ አልመጣችም። እንደገና ጀመረች። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ይሄንኑ መደጋገም ነው ሥራው። አብዛኛው ሩጫ ኳስ አያገኝም። ልጄ ሃምበርገር እየበላች ነበር፣ አላየችም። እኔ ግን አይኔ እንባ አቀረረ። ንፋስ ነው አልኩ።

እዚህ እንዴት እንደደረሰች ታውቃለህ፣ ግን በቅደም ተከተል ላስቀምጥልህ፣ አንተ ቅደም ተከተል ትወዳለህ። ከዱራሜ መጀመሪያ የመጣችው የእኛው ሀዋሳ ከተማ ጋር ነው። አንተ ከቤት ወጥተህ በባጃጅ የምትደርስበት ሜዳ ላይ ተጫውታለች። ከዚያ ደደቢት ወሰዳት። ጎል በጎል አደረገቻቸው። ከዚያ ስዊድን ሄደች፣ ኩንግስባካ የሚባል ክለብ፣ ጎተንበርግ አጠገብ። ብዙም ሳትቆይ ተመልሳ አዳማ ከተማ ገባች። እዚህ ላይ ቆም በል። የእኛን ሰው ታውቀዋለህ። ውጭ ወጥታ የተመለሰች ልጅ «አለቀላት» ነው የምትባለው። ቡና ላይ፣ ፀጉር ቤት፣ ሁሉም ጋ። ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። ከመሄዱ ይልቅ ተመልሶ መጥቶ አዳማ ላይ እንደገና ማሊያ መልበሱ።

ከዚያ ማልታ። አንተ የጂኦግራፊ መምህር ባትሆንም ካርታ ስለምትወድ ይሄን ልንገርህ። ማልታ ደሴቶቿ ሁሉ ተደምረው ከዝዋይ ሐይቅ ያንሳሉ። እዚያ ቢርኪርካራ ለሚባል ክለብ በ2019/20 እ.ኤ.አ. የውድድር ዘመን 30 ጎል አግብታ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነች። ክለቡም ሻምፒዮን ሆነ። «ትንሽ አገር ነው፣ ምን ይገርማል» የሚሉ ነበሩ። ጎል ግን ጎል ነው። በረኛዋ ትንሽ አገር ስለሆነ በሩን አታሰፋላትም።

ከማልታ መልስ ንግድ ባንክ ገባች። በእኛ አገር የሴት ኳስ ተጫዋች ሕይወት ምን እንደሚመስል እዚህ ላይ ነው የሚገባህ። ክለቦቹ ወይ የከተማ አስተዳደር፣ ወይ ባንክ፣ ወይ የመንግሥት ድርጅት ናቸው። ተጫዋቿ በወር ደሞዝ የምትከፈል ሠራተኛ ናት። ካምፕ ውስጥ ትኖራለች። አልጋዋ፣ ሳህኗ፣ የመኝታ ሰዓቷ የክለቡ ነው። የውድድሩ ዙር በአንድ ከተማ ተሰባስቦ ሲካሄድ ደግሞ ሳምንታት ከቤቷ ርቃ ትከርማለች። ኮንትራቷ ሲያልቅ እንደገና የማን ሠራተኛ እንደምትሆን አታውቅም። ባንክ ውስጥ ብር ብትቆጥር ኖሮ እስከ ጡረታ ነበር።

አንድ የሚቆጨኝን ልንገርህ። በ2021 እ.ኤ.አ. ንግድ ባንክ ናይሮቢ ላይ ለአፍሪካ ሴቶች ቻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ ፍጻሜ ደርሶ በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ሎዛ ያኔ ነበረች። ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ አዲስ አበባ አበበ ቢቂላ ስታዲየም፣ ንግድ ባንክ የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ 1 ለ 0 አሸንፎ ለመጀመሪያ ጊዜ አለፈ። እነሱ ሞሮኮ ሲሄዱ እሷ ዋሽንግተን ናት። አሰልጣኝ ብርሃኑ ግዛውና ልጆቹ ሲዘሉ በስልኬ አየሁና ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ምነው እሷም በኖረች አልኩ። የኳስ ሰው ሁሌ ከሁለት ደስታ አንዱን ያጣል። አንተም ጡረታ በወጣህ በሳምንቱ ነው ትምህርት ቤታችሁ አዲሱ ቤተ መጻሕፍት የተመረቀው። ስንት ዓመት ስትለምንላቸው!

አሁን ወደ እንጀራው።

በ1996 ዓ.ም. ያ አሰልጣኝ ቤታችን ሲመጣ «ኳስ ለሴት ልጅ ምን እንጀራ ይሆናታል?» ብለህ ነበር። አሰልጣኙ መልስ አልነበረውም። እኔ በር ኋላ ቆሜ እየሰማሁ ነበር፣ እኔም መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ። ግማሹን ልክ ነበርክ።

ሥራዬን ታውቃለህ፣ የተጎዳ ሰው እንደገና መራመድ ሲጀምር የሚረዳ ክሊኒክ ውስጥ ነኝ። እኔ ጋ ከሚመጡት ጉልበቶች ውስጥ የኳስ ተጫዋች ልጃገረዶች ጉልበት ይበዛል። ጉልበት መሃል የታችኛውንና የላይኛውን አጥንት የሚያስር ጅማት አለ። እሱ ሲበጠስ ብዙ ጊዜ ማንም አልነካትም። እየሮጠች ልትታጠፍ ነው፣ ወይ ከዝላይ እያረፈች ነው። «ቷ» የሚል ድምፅ ሰማሁ ይላሉ። ሴቶች ላይ ይሄ ከወንዶች ሁለት ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ሲያርፉ ጉልበት ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ የጭን የኋላ ጡንቻ ከፊተኛው ይደክማል፣ ታኬታው ራሱ ለወንድ እግር የተሠራ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ሜዳ ለመመለስ ቢያንስ ዘጠኝ ወር ነው። አንዳንዷ አትመለስም። ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ፊፋ 11 ፕላስ የሚባል ማሟሟቂያ አለ፣ በደንብ ከተሠራ ጉዳቱን ይቀንሳል። ለልጄ ቡድን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። አሰልጣኛቸው መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ አሁን እሱም ይሠራል።

አስበው እንግዲህ። ያለ ኢንሹራንስ፣ ኮንትራቷ ሊያልቅ ሦስት ወር ሲቀረው፣ ጉልበቷ «ቷ» ያለባት ልጅ። አንተ ይሄን ሁሉ በስሙ አታውቀውም ነበር። ግን ፈርተሃል፣ የፈራኸውም ያለ ነገር ነው። ከመቶ ልጆች አንዷ ናት ማልታ የምትሄደው። የሌሎቹን ስም አንተም አታውቀውም፣ እኔም አላውቀውም።

አሜሪካኖቹ ራሳቸው እዚህ የደረሱት ተካሰው ነው። ዓለምን ደጋግመው ያሸነፉት የብሔራዊ ቡድናቸው ሴቶች እንደ ወንዶቹ ይከፈለን ብለው ፌዴሬሽናቸውን ፍርድ ቤት አቆሙት። በ2022 እ.ኤ.አ. በ24 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ። የዓለም ሻምፒዮኖች ናቸው እንግዲህ ደሞዝ ሲካሰሱ የነበሩት።

ግማሹን ደግሞ ልክ አልነበርክም። ለብቻህ አይደለህም፣ አይዞህ። ታሪክ ስለምትወድ ይሄን ስማ። በ1920 እ.ኤ.አ. ፈረንጆች ገናን ባከበሩ ሰሞን፣ ሊቨርፑል ጉዲሰን ፓርክ ላይ ዲክ ከር ሌዲስ የሚባሉ የፋብሪካ ሠራተኛ ሴቶችን ጨዋታ ለማየት 53 ሺህ ሰው ገባ። በዓመቱ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ኳስ ለሴት አይሆንም ብሎ ክለቦቹ ሜዳቸውን እንዳይሰጡ አገደ። እገዳው ሃምሳ ዓመት ገደማ ቆየ። ኳስን ለዓለም አስተማርን የሚሉት ሰዎች ሃምሳ ዓመት ከፈጀባቸው፣ የሀዋሳ የአማርኛ መምህር ሃያ ዓመት ቢፈጅበት አልፈርድም። ሳቅክ አይደል? ላስቅህ ብዬ ነው።

ልክ ያልሆንከው ስለ እንጀራው አይደለም። እኔን ሳትጠይቀኝ መለስከው። ይሄው ነው ቅሬታዬ፣ ሌላ የለኝም። ኳስ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። የእማዬን ስቶኪንግ በጨርቅ ሞልተህ የሰፋህልኝ አንተ። በግራም በቀኝም ምቺ ያልከኝ አንተ። ሰፈር ውስጥ ወንዶቹ አላጫውት ሲሉኝ ወጥተህ «ትገባለች፣ በረኛ ሳይሆን አጥቂ» ያልክላቸው አንተ። ስለዚህ ያን ቀን አሰልጣኙ ሲመጣ እሺ እንደምትል እርግጠኛ ነበርኩ። ለጓደኞቼ ተናግሬ ነበር።

በሳይክል መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ላቡ ጀርባው ላይ። አንድ ኪሎ ብርቱካን በፌስታል ይዟል። እማዬ ነፍሷን ይማረውና ቡና ልታፈላ ተነሳች። እሱ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ልጅዎ የኛ አጥቂ ትሁን፣ ለክልል ውድድር እንወስዳታለን፣ አዳር ሁለት ሳምንት ነው» አለ። አዳር ስትሰማ ፊትህ ተዘጋ። በሩ ስንጥቅ ውስጥ አየሁት። «ማትሪክ አለባት» አልክ። እሱም «ማትሪኩን ጎን ለጎን» አለ። ያን ጊዜ ነው የእንጀራውን ነገር ያነሳኸው። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ሄደ። ሳይክሉን እየገፋ ነው የሄደው፣ ሳይወጣበት፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ።

አልጮህክብኝም፣ አልመታኸኝም። ገብተህ «የሒሳብ ደብተርሽን አምጪ» ብቻ አልከኝ። አመጣሁ። ማትሪኩንም አለፍኩ። ዛሬ የማገኘውን ዶላር ያገኘሁት በዚያ ደብተር መሆኑን አልክድም። ያኔ ሎዛ ዱራሜ ውስጥ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። እኔ አሥራ ስድስት። በአዲሱ ዓመት፣ መስከረም 1997 ላይ፣ ሉሲዎች፣ የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን፣ ደቡብ አፍሪካ ሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደረሱ። ናይጄሪያ 4 ለ 0 አሸነፈቻቸው፣ ለሦስተኛነትም በጋና በመለያ ምት ተሸነፉ። አራተኛ! ሴቶቻችን ከአፍሪካ አራተኛ ሲሆኑ እኛ ቤት ማንም ስለሱ አላወራም። አንተ ኳስ የማታመልጥህ ሰውዬ ያን ሰሞን ሬዲዮኑን አልከፈትክም። ያኔ ለእኔ የተዘጋ መስሎኝ ነበር። አሁን ስገምት ለራስህ ነው የዘጋኸው።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እንደምታውቀው። እዚህ ልጅ ኳስ ስትጫወት ወላጅ ነው የሚከፍለው። የማሊያው፣ የሜዳው፣ የአሰልጣኙ። ያ አሰልጣኝ በነጻ ሊወስደኝ መጥቶ ነበር ብዬ ለባለቤቴ ስነግረው አላመነኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ብርዱ ውስጥ ታጣፊ ወንበር ዘርግቼ እቀመጣለሁ። ቴርሞስ ቡና ይዤ። ኳሷን አላይም፣ እሷን ነው የማየው። አንገቷን ዞር ማድረግ አስተምሬያታለሁ። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ «አያትሽ ነው ያለው» እላታለሁ። ተጫዋች ትሁን አትሁን አላውቅም። ሐኪም ብትሆን ደስ ይለኛል፣ ልንገርህ እውነቱን። እኔም አንተን ሆኛለሁ። ግን አንድ አሰልጣኝ በሳይክል ቢመጣ መጀመሪያ እሷን እጠራታለሁ።

ቪዛ ካገኘህ ሚያዝያ ላይ ና። ሊጉ እስከ ግንቦት ድረስ አለ። ካፖርት እኔ እገዛልሃለሁ። የዱራሜዋን ልጅ አብረን እናያታለን፣ ከኋላ የሚጮኸውንም ሰውዬ አስተዋውቅሃለሁ። ጉልበትህን ግን እስከዚያ አሠራው። ወንበር ላይ ተቀመጥ፣ እግርህን ቀጥ አድርገህ አንሳ፣ እስከ አምስት ቁጠር፣ አውርድ። አሥር ጊዜ በቀኝ፣ አሥር ጊዜ በግራ። ጠዋትና ማታ። ታናሼ እየቆጠረችልህ እንደሆነ እጠይቃታለሁ፣ አትሸውደኝም።

ብርቱካኑ።

እማዬ ብትኖር እሷን በጠየቅካት ነበር፣ እሷ ግን አታውቅም። ስድስት ነበሩ። የመስታወት ሳህን ውስጥ አድርጋ ቡፌው ላይ አስቀመጠቻቸው። ማንም አልነካቸውም። ሁላችንም እያየናቸው እናልፋለን። ረቡዕ ማታ አምስት ሆኑ። አንተ ቆጥረህ ነበርና ወንድሜን ተቆጣኸው፣ ማለ፣ አላመንከውም። አምስቱን እማዬ በበነጋታው ለጎረቤት ልጆች ሰጠች።

አንዱን የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ አባዬ። ሁላችሁ ስትተኙ ይዤው ጓሮ ወጣሁ። ባዶ እግሬን ነበርኩ። አንቀረቀብኩት። ጨረቃ ነበረች፣ በደንብ ይታያል። አሥራ አራት ደርሼ ወደቀብኝ፣ ድንጋይ ላይ ነው የወደቀው፣ ተሰነጠቀ። እዚያው ቁጭ ብዬ በላሁት። ጣፋጭ ነበር። ልጣጩን ኮባው ሥር ቀበርኩት።

ወንድሜን ይቅርታ ጠይቅልኝ።

የምትወድህ ልጅህ